ናይሎን የተኛበትን አይረሳም

ሬሳውን ያገኘችው ምግብ አብሳይዋ ናት። ጠዋት ባልዲዋን ይዛ ወደ ሐይቁ ስትወርድ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸውን የሎጁን ባለቤት ከእንጨት ደረጃው ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው አየቻቸው። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸው ከጎናቸው ወድቋል። ራሳቸው ያረፈበት ድንጋይ ደም ለብሷል። ባልዲዋን ጥላ «ጋሼ!» አለች፤ ሁለተኛ መጥራት አላስፈለጋትም።

ጋሼ የሞቱበት ቦታ ደሴት ነው። እዚህ ግባ የማይባል ደሴት፤ አንድ ማረፊያ ቤት፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ የጀልባ ማሰሪያ፣ ዙሪያውን ውሃ። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ባስ የሚባለውን አፈ ሰፊ፣ ሆዳምና ቁጡ ዓሣ ለማጥመድ ነው። ባስ አጥማጅ የሚደክመው ለመብላት አይደለም፤ ለትግሉ ነው። ለመብላት ቢሆንማ ገበያ ሞልቶ።

ለፖሊስ የደወለው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነበር። የደሴቱን ብቸኛ ጀልባ የሚነዳው እሱ ስለሆነ ሰው ሁሉ «ካፒቴን» ይለዋል። መደወል ብቻም አይደለም፤ ራሱ ተሻግሮ መርማሪዋን ከማዶ አመጣት።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ናት፤ በመሥሪያ ቤቷ ግን «መርፌ» ነው የሚሏት። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚል አለ፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆነች ነው የሚልም አለ። አንዴ ፊቷ ተቀምጦ ጥያቄ የመለሰ ሰው ግን ምክንያቱ አይጠፋውም። ውሃ አትወድም፣ ዓሣ አትበላም። ሐይቁን የተሻገረችው በሁለት እጇ ወንበሩን ጨምድዳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። እግሯ መሬት ሲረግጥ ነፋሱ ተነሣ።

«ይኼ ነፋስ መቼ ይቆማል?» አለችው ካፒቴኑን።

«ሲፈልግ ነዋ» አለ ገመዱን እያሰረ። «አንዴ ከጀመረ ጀልባ የሚባል አይንቀሳቀስም። ግን ብዙ አይቸገሩም ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነው። ገዳዩን ይዘን ቆልፈንበታል።»

«ማነው የቆለፈበት?»

«እኔ ነኛ።»

«እርስዎ ፖሊስ ነዎት እንዴ?»

ካፒቴኑ ሊስቅ አሰበና ተወው።

ከደረጃው ጫፍ ሁለተኛው እርከን ላይ፣ ከግራና ከቀኝ ባሉት የእጅ መደገፊያ ምሰሶዎች መካከል፣ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ ክር ተወጥሮ ነበር። አሁን ተበጥሷል። ከቀኙ ምሰሶ ላይ ቋጠሮው ብቻ ቀርቷል፤ ከግራው ረዘም ያለ ቁራጭ ተንጠልጥሏል። መስታወት የመሰለ ናይሎን ነው፤ ጎህ ሲቀድ ባለው ብርሃን ዓይን አያየውም። ጋሼ ደግሞ በየማለዳው ከሁሉ ቀድመው በዚያ ደረጃ ይወርዱ እንደነበር ደሴቱ ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል።

«የወንድሜ ልጅ ባል ክር ነው» አለ ካፒቴኑ። «እዚህ ናይሎን የሚጠቀም እሱ ብቻ ነው። ትናንት እራት ላይ ከጋሼ ጋር የተጣላውም በዚሁ ነው። ሁላችንም ሰምተናል።»

«እርስዎስ ናይሎን የለዎትም?»

«እኔ?» ካፒቴኑ ደረቱን ነፋ። «ናይሎን በዘንጌ ማጠንጠኛ ላይ ተጠምጥሞ አያውቅም። እኔ የምጠቀመው ከቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነውን ጉንጉን ክር ብቻ ነው።»

መርፌ ጎንበስ አለች። ቁራጩ ቀጥ ብሎ አልተንጠለጠለም፤ በትናንሽ ቀለበቶች ተጠቅልሎ ወደ ላይ ተሰብስቧል። በሁለት ጣቷ ጎተት አድርጋ ለቀቀችው። ተመልሶ ቀለበት ሆነ። ወደ ቢጫ ማዘንበሉንም አየች። ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣችና ክሩን ቆርጣ ከተተችው፤ ያየችውን ግን አልተናገረችም። መርፌ ያየችውን ሁሉ የምትናገር ቢሆን ኖሮ ሌላ ሥራ ትይዝ ነበር።

የጋሼን አስከሬን ዓሣ በሚቀመጥበት የበረዶ ክፍል አኑረውታል፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። መርፌ ገብታ የእግራቸውን ቅልጥም አየች። ክሩ የያዘበት ቦታ ላይ ቀጭን ሰንበር አለ። ወጥታ በሩን ስትዘጋ ከፊት ለፊቷ ያለው የመጋዘኑ በር ላይ ጀርባዋን አስደግፋ መሬት የተቀመጠች ወጣት ሴት ታየቻት። የሟቹ አንድያ ልጅ ናት። መጋዘኑ ውስጥ የተቆለፈበት ደግሞ ባሏ ነው።

«አባዬ እዚያ ተኝቷል» አለች ልጅቷ በአገጯ የበረዶ ክፍሉን እያሳየች። «ባሌ ደግሞ እዚህ። የማንን በር ልጠብቅ? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

መርፌ ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አጎቴ ነፋሱ ሲቆም የፖሊስ ጀልባ መጥቶ ይወስደዋል አለኝ» አለች ልጅቷ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው። አስጠርቻለሁ።»

«አንዴ ከወሰዱት አይመልሱልኝም። ክሩ የሱ ነው፣ ዛቻውም የሱ ነው። ማን ያምነዋል?»

«ነፋሱ እስኪቆም ጊዜ አለን የኔ ልጅ። ጀልባው ሲመጣ ማን እንደሚሳፈር ያኔ እናያለን። አሁን ቁልፉን አስመጪልኝ።»

ወጣቱ የሙዚቃ መምህር ነው። የዓሣ ዘንግ ከመያዝ ይልቅ ክራር ቢይዝ የሚያምርበት፣ ጣቶቹ ረጃጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። የተቀመጠው የጀልባ ሸራ ጥቅል ላይ ነበር። መስኮቷ ጠባብ ናት፤ በሷም የሚታየው ውሃ ብቻ ነው።

«በክር ሰው ይጣላል ቢሉኝ እስቅ ነበር» አለ። «ለዚህ ጉዞ ብዬ አዲስ ማጠንጠኛ ገዛሁ። ባለሱቁ ናይሎን ጠምጥምበት አለኝ፤ 'ይለጠጣል፣ ዓሣው ሲወራጭ አፉን ቀዶ አያመልጥም፣ ውሃ ውስጥም አይታይም' ብሎ። ጋሼ እራት ላይ ተቀበሉኝና በሰው ሁሉ ፊት ክሩን ለቀቅ ሲያደርጉት፣ ክሩ ከማጠንጠኛው እየተፈናጠረ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። 'አየህ?' አሉኝ። 'ናይሎን የተኛበትን አይረሳም። የተጠመጠመበትን ቅርጽ እንደያዘ ነው የሚኖረው፤ ስትወረውረው እንዲህ ይተበተብብሃል። እንዲህ ላለ ማጠንጠኛ ጉንጉን ነው። ቀጭን ነው፣ ብርቱ ነው፣ አይለጠጥም፤ ባሱ መንጠቆውን ቢያሸተው እንኳ እጅህ ላይ ይሰማሃል።'»

«ምክር ነው እንጂ ስድብ አይደለም።»

«ምክር ቢሆን መልካም። 'በኔ ቤት ናይሎን አይገባም፣ ነገ ታቃጥለዋለህ' አሉ። ለካ ከዓመታት በፊት በደሴቱ ላይ ያለውን ናይሎን ሁሉ ሰብስበው አቃጥለዋል። እኔም ተናደድኩና 'አንድ ቀን ይኼው ናይሎን ጉድ ያደርግዎታል' አልኩ። ትልቅ ዓሣ ይዤ ላሳፍርዎት ማለቴ ነበር እኮ!» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አሁን ማን እንዲህ ብሎ ይሰማዋል።»

«ከእራት በኋላ ዘንግህን የት አደረግኸው?»

«እንዳያቃጥሉብኝ ብዬ ወደ መኝታ ክፍላችን አስገባሁት። ከአልጋው ሥር ነው፤ አሁንም እዚያው አለ።»

«እራት ላይ ሌላ ምን ተባለ?»

ወጣቱ ትንሽ አሰበ። «ጋሼ 'ከእንግዲህ ሎጁ የእናንተ ነው፣ ጠቅልላችሁ ግቡ፤ ይኼ ደሴት አይሸጥም' አሉ። እኛ ልንኖርበት አልፈለግንም፤ ግን እምቢ ማለት አቃተን።»

መርፌ ከአልጋው ሥር ማጠንጠኛውን አወጣችው። ትልቅ ነው፤ ክሩ የሚጠመጠምበት ብረት፣ አንገቱ፣ የወፍራም ሰው ክንድ ያህላል። ናይሎኑን እስከ መጨረሻው ፈታችው። ከላይ ያለውም ከታች ያለውም ሰፋፊ ቀለበት ነው የሚሠራው። ንጹሕ ነጭ ነው፣ አዲስ። ከታችኛው ቆርጣ በሁለተኛ ፖስታ ከተተች።

ከደሴቱ መውጣት ያቃተው ሌላ ሰው የጥርስ ሐኪሙ ነው። የእንግዳ ማረፊያው ብቸኛ እንግዳ እሱ ነበር። ሳሎኑን ከመስኮት ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ መስኮት ይለካዋል።

«ታካሚዎች እየጠበቁኝ ነው!» አለ መርፌ ስትገባ።

«ጥርስ የሚያመው ሰው መጠበቅ ይለምዳል ዶክተር። ይቀመጡ። ከጋሼ ጋር ምን አጋጫችሁ?»

«ማን ነገረዎት?»

«አሁን እርስዎ።»

ሐኪሙ ተቀመጠ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ደሴቱን ሽጡልኝ ብሎ እንደነበር ተናገረ። «የአባታቸው ውርስ ስለሆነ ሁለቱም ወንድማማቾች ካልፈረሙ አይሸጥም። ካፒቴኑ ወዲያው እሺ አለ፤ እንዲያውም እጄን ስሞ ሊያመሰግነኝ ምንም አልቀረው። ጋሼ ግን ሳቁብኝ። ትናንት እራት ላይም እያዩኝ ነው 'አይሸጥም' ያሉት። ታዲያ በዚህ ሰው አይገደልም።»

«በክርም አይገደል ነበር። ማጠንጠኛዎን ላየው እችላለሁ?»

ሐኪሙ በኩራት አመጣው። ቢጫ ጉንጉን ክር ነው። መርፌ ፈታ ፈታ ስታደርገው ከክሩ ሥር ነጭ ነገር ታየ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ፕላስተር ነው። ጉንጉን ሙልጭልጭ ነው ኢንስፔክተር። በባዶ ብረት ላይ ከጠመጠሙት፣ ከባድ ነገር የጎተተው ዕለት ጥቅሉ በሙሉ ብረቱ ላይ ይሽከረከራል። ስለዚህ ከሥር የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። እኔ ፕላስተር አደርጋለሁ፤ ሥራዬ ነው፣ አይጠፋኝም። ጋሼና ልጃቸው ላስቲክ ነው የሚያደርጉት። የድሮ አጥማጅ ደግሞ ሌላ ክር ያደርጋል።»

«ካፒቴኑስ?»

«እሱማ ማጠንጠኛውን መች ለሰው ያስነካል! ጀልባው ውስጥ ሳጥን አለው፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እዚያ ቆልፎ ነው የሚያሳድረው። ሰው ሚስት ያገባል፤ እሱ ማጠንጠኛ አገባ።»

ነፋሱ ግን አልቆም አለ። በማግስቱም ነፈሰ። ቤቱ ጠበበ። በአንድ ሳሎን ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ግራ ገባቸው፤ በር ሲንኳኳ ሁሉም ይደነግጣል። ሐኪሙ ከካፒቴኑ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ላለመብላት ሰበብ ይፈልጋል። ልጅቷ ከመጋዘኑ በር አልተነሣችም። ጎመኑም ዳቦውም ስላለቀ፣ ምግብ አብሳይዋ ወገቧን ይዛ ሳሎን መሐል ቆመች።

«ዛሬ ዓሣ ካልመጣ ነገ ድንች ነው» አለች። «ከነገ ወዲያ የድንቹ ልጣጭ። አጥማጅ በሞላበት ቤት ሰው ጦሙን ሊያድር ነው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ካፒቴኑን አየ። ሐይቁን እንደሱ የሚያውቅ የለም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ፎቶዎች ሁሉ እሱ ትልቅ ባስ አቅፎ የተነሣቸው ናቸው።

«በዚህ ነፋስ?» አለ ካፒቴኑ።

«ከቤቱ ጀርባ ነፋሱ አይደርስም» አለ ሐኪሙ። «ምነው፣ እኔ እንኳ ልወጣ ነው።»

ወጡ። መርፌ ለሽታው አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ተከተለቻቸው። ብዙ ሳይቆይ የሐኪሙ ዘንግ ጎበጠ፣ ማጠንጠኛውም «ጥርርርር» ብሎ ጮኸ።

«ምነው ጮኸ? ተበላሸ?» አለች መርፌ።

«ኧረ ደህና ነው!» አለ ሐኪሙ እየሳቀ። «ዓሣው ሲበረታ ክሩ እንዳይበጠስ አንገቱ እየዞረ ክር ይለቃል። ሲለቅ ነው የሚጮኸው።»

መካከለኛ ባስ አወጣ። ቀጥሎ የካፒቴኑ ዘንግ በአንድ ጊዜ ወደ ውሃው ተደፋ። ትልቅ ነው፤ ከውሃው ዘሎ ሲታይ ምግብ አብሳይዋ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ በቤቱ ውስጥ ሬሳ እንዳለ ትዝ ሲላት ዘጋችው። ሰው ሁሉ ዓሣውን ያያል። መርፌ የካፒቴኑን እጅ ታያለች። እጀታውን ያዞራል፣ ያዞራል፤ ዓሣው ግን አይቀርብም። ክሩ ወደ ውሃው ይሄዳል፤ ማጠንጠኛው ግን ድምፅ የለውም። ዓሣው ሁለተኛ ዘለለ፣ ራሱን አራገፈ፣ ሄደ።

«መንጠቆው ተነቀለ» አለ ካፒቴኑ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

«ሲያልቅ አያምር!» አለች ምግብ አብሳይዋ፤ ለዓሣው ይሁን ለካፒቴኑ አልታወቀም።

ሌሎቹ ሲመለሱ መርፌ ወደ ኋላ ቀረች።

«ካፒቴን፣ ሰው ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት የሚያሻግሩት?»

«በየሳምንቱ። ሰኞ እንግዳ አወጣለሁ፣ ቅዳሜ አመጣለሁ።»

«ሰኞ ካወጡ በኋላስ?»

«ከዚያማ እመለሳለኋ።» ዘንጉን ማጣጠፍ ጀመረ። «አባታችን ሲሞት 'አትለያዩ' አለ። ጋሼ ያንን ቃል የተዘጋ በር አደረገብኝ። ከማዶ አንዲት ሴት ነበረች፤ ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ መጠበቅ ተወች። ጋሼን 'ድርሻችንን እንሽጥና ልሂድ' ባልኩት ቁጥር 'እኔ ስሞት' ይለኝ ነበር።»

አባባሉ ለራሱም ከጆሮው ሲደርስ ዘንጉን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ነፋሱ የቆመው በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ነው። በድንገት ቆመ። ጸጥታው ሲመጣ ልጅቷ ከመጋዘኑ በር ላይ ተነሥታ ወደ ሐይቁ አየች። ከማዶ አንዲት ነጭ ነጥብ ተነሥታ ወደነሱ ትመጣለች። የፖሊስ ጀልባ ናት። ልጅቷ ወደ ቤቱ ሮጠች።

«ኢንስፔክተር፣ መጡ! መጡ እኮ!»

«አይቻለሁ። ባልሽን አውጪውና ወደ ምግብ አዳራሹ ግቡ። ሁሉም ሰው ዘንጉን ይዞ ይግባ። የአባትሽንም አምጪ።»

ሁሉም ተሰበሰቡ። መርፌ አልተቀመጠችም።

«እኔ ስለ ዓሣ አላውቅም» አለች። «ክር ግን አውቃለሁ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ያደግሁት ከስፌት መኪናው ሥር ክር እየለቀምኩ ነው። ክር የት እንደተጠመጠመ ማወቅ የኔ የልጅነት ጨዋታ ነው።» ሁለቱን ፖስታዎች ጠረጴዛው ላይ አራገፈች። «ይኼ ደረጃው ላይ የነበረው ናይሎን ነው። ይኼኛው ከዚህ ልጅ ማጠንጠኛ፣ ከመጨረሻው ሥር የቆረጥኩት። ዶክተር፣ ምን ያያሉ?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። «የደረጃው ቀለበት የጠርሙስ ክዳን ያህላል። የልጁ የብርጭቆ አፍ ያህላል።» ቀና አለ። «የደረጃው ቢጫ ሆኗል። አሮጌ ነው።»

«ጋሼ በሞታቸው ዋዜማ ለሁላችሁም ነግረዋችኋል፤ ናይሎን የተኛበትን አይረሳም። ልጁ ላይ ሲስቁ ሰማችሁ እንጂ ቃላቸውን ያዳመጠ አልነበረም። ይኼ ናይሎን ለዓመታት የተኛው በትንሽ ማጠንጠኛ ላይ ነው፤ ያውም ከሥር፣ ብረቱን ታክኮ። ስለዚህ የልጁ አይደለም።»

ልጅቷ የባሏን ክንድ ያዘች።

«እንግዳ ጥሎት የሄደ ይሆናላ» አለ ካፒቴኑ። «መጋዘኑ ውስጥ ስንት ነገር አለ።»

«ጋሼ ናይሎን ሁሉ ሰብስበው አቃጥለዋል። የተረፈ ካለ የተደበቀ ነው። የት ይደበቃል? ዶክተሩ ሳያውቁ ነግረውኛል። ጉንጉን በባዶ ብረት ላይ ይሽከረከራል፤ ከሥር የሚይዘው ይፈልጋል። የድሮ አጥማጅ ከሥር ሌላ ክር ያደርጋል። ከላይ ጉንጉን የለበሰ ናይሎን ማን ያየዋል?» ዞር ብላ የበሩን ወፍራም የብረት እጀታ በእጇ መታችው። «አሁን እያንዳንዳችሁ ክራችሁን እዚህ ታስራላችሁ፣ ማጠንጠኛውን ጠበቅ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ትጎትታላችሁ። ሌላ ምንም የለም።»

ሐኪሙ ጎተተ። ዘንጉ ጎበጠ፣ ክሩ ተወጠረ፣ ፍንክች አላለም። ልጅቷ የራሷን ጎተተች፤ ያዘ። የአባቷን ዘንግ ስታነሣ እንባዋ መጣ፤ እያለቀሰች ጎተተችው። እሱም ያዘ።

«የእርስዎ ተራ ነው ካፒቴን።»

«ይኼ የልጅ ጨዋታ ነው» አለ ካፒቴኑ። ዘንጉን ከኋላው አድርጓል። «ሰው ሞቶብኝ እዚህ ገመድ ጉተታ አልጫወትም።»

«አጎቴ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «ጎትተው።»

ካፒቴኑ አያት። ባሏን አየ። በሩን አየ፤ በሩ ግን ክሩ የሚታሰርበት ነው። ክሩን አሰረ፣ ወደ ኋላ ጎተተ። ዘንጉ ትንሽ ጎበጥ አለና ቀና አለ። ክሩ መጣ። አንገቱ አልዞረም፣ ድምፅም አልተሰማም፤ ጥቅሉ በሙሉ ብረቱ ላይ በጸጥታ ይሽከረከር ነበር።

መርፌ ማጠንጠኛውን ተቀብላ ጉንጉኑን እስከ መጨረሻው ፈታችው። ከሥሩ የወጣው የሚያብረቀርቅ ባዶ ብረት ነው። ከደረጃው የተገኘውን ናይሎን አንሥታ ብረቱ ላይ አስጠጋችው። ክሩ ራሱ ዞሮ ተጠመጠመ።

«ማንም ሊነካው ይችላል» አለ ካፒቴኑ፤ ግን ጉልበት ያለው ድምፅ አልነበረም።

«ከተቆለፈ ሳጥን? ቁልፉ አንገትዎ ላይ ተንጠልጥሎ? እሺ፣ ሌላ ሰው ነካው እንበል። ትናንት ያ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ማጠንጠኛዎ አልጮኸም፤ እጀታውን ያዞራሉ፣ ዓሣው አይመጣም። እንደ እርስዎ ያለ አጥማጅ ክሩ ብረቱ ላይ እንደሚዞር በዚያችው ቅጽበት ያውቀዋል። ንጹሕ ሰው ቢሆን 'ማጠንጠኛዬን ማን ነካብኝ?' ብሎ ደሴቱን በጩኸት ይገለብጠዋል። እርስዎ 'መንጠቆው ተነቀለ' አሉ። ማን እንደነካው ያውቁ ነበራ!»

ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«ያን ዕለት ማታ ካፒቴኑ የፈለጉት የልጁን ናይሎን ነበር። ልጁ ግን ዘንጉን ይዞ መኝታ ክፍሉ ገባ። በደሴቱ ላይ የቀረ ሌላ ናይሎን አንድ ብቻ ነው፤ ከራሳቸው ጉንጉን ሥር የተኛው። ጉንጉኑን ፈትተው ናይሎኑን አወጡ፣ ጉንጉኑን በባዶ ብረት ላይ መለሱት። ቀላል ነገር ሲወረወርበት ምንም አይታወቅም። እኔን ካመጡ በኋላ ነፋሱ ባይነሣ ኖሮ በማግስቱ ማዶ ተሻግረው፣ እዚህ ሰው ቢለምኑ የሚያስነቃባቸውን የሥር መያዣ ገዝተው ያስተካክሉት ነበር። ነፋሱ ቆለፈባቸው፣ ረሃብ መጣ፣ ሰው ሁሉ ዓሣ አምጣ ብሎ አፈጠጠባቸው። የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ጣሉ።»

«ለምን እኔን?» አለ ወጣቱ። አዳራሹ ከገባ ወዲህ የተናገረው ቃል ይኼ ብቻ ነው።

«ጋሼ ቢሞቱ ድርሻቸው ለሚስትህ ነው» አለች መርፌ። «ጋሼ እናንተን እዚህ ሊያስገቡ ቃል ከሰጡ፣ ደሴቱ መቼም አይሸጥም ማለት ነው። አባቷ እዚህ ከሞተ፣ ባሏም በዚህ ምክንያት ከታሰረ ግን፣ ሚስትህ ይህን ደሴት በዓይኗ ማየት አትፈልግም። ላላት ቅርብ ዘመድ፣ ለአጎቷ፣ ፈርማ ትሄዳለች፤ እሳቸውም ይሸጡታል። ልክ ነኝ ካፒቴን?»

ካፒቴኑ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለብዙ ጊዜ ቆሞ የሰነበተ ሰው አቀማመጥ ነበር።

«ያንን ናይሎን አባታችን ነው የጠመጠመልኝ» አለ ጠረጴዛውን እያየ። «በልጅነቴ፣ በገዛ እጁ። ጋሼ ናይሎን ሁሉ ይቃጠል ሲል ከጉንጉኑ ሥር ደበቅሁት። ካዘዘኝ ሁሉ ያልታዘዝኩት ያንን ብቻ ነው።» ወደ ልጅቷ ቀና አለ። «አንቺን ልጎዳ አልፈለግሁም። መውጣት ነበር የፈለግሁት።»

ልጅቷ ብዙ የምትለው ነበራት፤ ፊቷ ላይ ይታያል። የወጣላት ግን አንድ ጥያቄ ነው።

«ታዲያ ለምን ዝም ብለህ አልሄድክም አጎቴ? ጀልባው በእጅህ፣ ቁልፉ አንገትህ ላይ። ማን ያዘህ?»

ካፒቴኑ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ መልሱን እሱም የዚያን ጊዜ የሚፈልገው ይመስል ነበር።

«በየሳምንቱ ሄጄ ነበር እኮ» አለ።

የፖሊስ ጀልባ ደርሳ ታሰረች። መጀመሪያ የጋሼን አስከሬን አሳፈሩ። ልጅቷና ባሏ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተከተሉ፤ የመጋዘኑን በር ማንም አልዘጋውም። ካፒቴኑ እጁ በካቴና ታስሮ ሲገባ እግሩ በልማድ ወደ መሪው ወሰደው። አንዱ ፖሊስ ትከሻውን ይዞ «እዚያ አይደለም፣ እዚህ» አለና ከኋላ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠው። መርፌ አጠገቡ ተቀምጣ ወንበሯን ጨመደደች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

ጀልባዋ ተነሣች። የሚነዳ ሰው ፊቱን እንጂ ኋላውን አያይም፤ ካፒቴኑ ደሴቱ ሲርቅና ሲያንስ አይቶ አያውቅም ነበር። አሁን ፊቱ ወደኋላ ነው። የጀልባ ማሰሪያው፣ ደረጃው፣ ቤቱ አንድ በአንድ እስኪጠፉ ድረስ ዓይኑን ሳያርገበግብ አያቸው።